ድምፁ ሲለወጥ ከመድረክ የሚወርደው ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሙዚቃ ክበብ ስም የቀረበ ንግግር)






እንደምታውቁት የክበባችን ባንድ ካለፈው ጥር ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ብዙ ወሬ አስነሥቷል። በምግብ አዳራሹ በር ላይ በለጠፍነው ማስታወቂያ ላይ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ተሸጡ» ብሎ ጻፈበት። ሌላው ደግሞ ከሥሩ «እንኳን ተሸጡ፤ አሁን ገና ይደመጣሉ» ሲል መለሰለት። ሁለቱንም አንብበን ዝም ለማለት አስበን ነበር። ነገር ግን ጕዳዩ ከእኛ ባንድ የሰፋ ሆኖ ስላገኘነው፤ ደግሞም በዚህ ስብሰባ መጨረሻ ድምፅ ስለሚሰጥበት፤ የምናስበውን በግልጽ ልንናገር ቈርጠናል።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር እንዳለ እንንገራችሁ። ባንዳችን ስምንት ሰዎች አሉት፤ ሁለት ጊታር፤ አንድ ቤዝ፤ አንድ ድራም፤ አንድ ኪቦርድ፤ አንድ ሳክስፎን፤ አንድ ትራምፔትና አንድ ድምፃዊ። ከተቋቋምን ጀምሮ ስንጫወት የቈየነው ጠንካራ ሮክ ነው፤ ጊታሩ የሚያጕረመርምበት፤ ድራሙ ደረት የሚያንኳኳበት፤ ሁለቱ ነፊዎቻችን ከላይ ሆነው የአገራችንን ቅኝት የሚያሰሙበት ሙዚቃ ማለት ነው። ታዲያ ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወራት ሲገባ፤ በሳሪስ በኩል የሠርግ አዳራሽ ያላቸው አንድ ሰው በጓደኛችን አጎት በኩል አስጠሩን። ሻይ ጋበዙንና፤ «ልጆቼ፤ ጐበዞች ናችሁ። ነገር ግን የሙሽራዪቱ አያት ጆሯቸውን ይዘው እንዲወጡብኝ አልፈልግም። አራት ሰው ይበቃኛል። ጊታሩ ይቅር። የጡሩምባውንም ነገር ኪቦርዱ ይሠራዋል» አሉን። ለአንድ ምሽት 12,000 ብር እንደሚከፍሉን ነገሩን።

እኛም «እሺ ጋሼ» ብለን ተቀበልን። ድምፃዊው፤ ኪቦርዱ፤ ቤዙና ድራሙ ሆነን ሁለት ቅዳሜ ተጫወትን። ከሁለቱ ምሽት 24,000 ብር ተገኘ። ግማሹን ለክበቡ ገቢ አድርገን ለሁለት ዓመት ተበላሽቶ የቈየውን የጊታር ማጕያ አሠራንበት፤ የድራሙንም ቆዳ ለወጥንበት። የቀረውን ግማሽ አራታችን ስንካፈለው ለእያንዳንዳችን 3,000 ብር ደረሰን። አራቱ ጓደኞቻችን ግን ምንም አልደረሳቸውም። ልብ በሉልን፤ የጊታሩ ማጕያ የተጠገነው ጊታሮቹ ቤት በዋሉበት ገንዘብ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ትራምፔት የምትነፋው እኅታችን ሙሽራዪቱ የሩቅ ዘመዷ ኖራ በእንግድነት መጥታ ነበር። ባለፈው ዓመት ራሷ የደረሰችውን መግቢያ ዜማ እኛ በኪቦርዱ ቍልፍ ስናሰማው ቁጭ ብላ አደመጠች። ሲያልቅም እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨበች። በማግሥቱ በግቢ ስንገናኝ የወቀሳ ቃል ይወጣታል ብለን ፈርተን ነበር። እርሷ ግን፤ «ዜማው ልክ ነው። ነገር ግን እኔ መኻል ላይ ትንፋሽ እወስድ ነበር፤ እርሱ ዝም ብሎ ይሄዳል» ብቻ አለችን። በቀይ ከተጻፈብን ቃል ይልቅ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ ይከነክነናል።

አሁን ደግሞ ባለአዳራሹ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሠርግ ወቅት በዚያው ውል ጠይቀውናል። ዛሬ እሺ ወይም እንቢ ማለት አለብን። ከዚያ በፊት ግን ይህ ነገር በእኛ እንዳልተጀመረ፤ ሌሎችም እንዴት እንዳለፉበት ባጭሩ እንመልከት።

በአሜሪካ ቦብ ዲላን የተባለው ዘፋኝ በ1965 (በዚህ ንግግር ውስጥ የምንሰጣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኒውፖርት በዓል ላይ የእንጨት ጊታሩን ትቶ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከተሰብሳቢው መካከል የሚጮኹበት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አንድ አድማጭ «ይሁዳ» ብሎ ሰደበው። የሮክ ወዳጆች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ግን የሜታሊካ ነገር ነው። ይህ ባንድ በ1981 በሎስ አንጀለስ ተቋቋመ። በ1986 እና በ1988 ያወጣቸው አልበሞች ፈጣን፤ ከባድና ረዣዥም ነበሩ፤ አንዳንዱ ዘፈን አሥር ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በ1991 ግን ቦብ ሮክ ከሚባል አዘጋጅ ጋር በጥቁር ልባስ ያወጣው አልበም ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ዘፈኖቹ አጠሩ፤ ፍጥነቱ ረገበ፤ በአንዱ ዘፈን ውስጥም የኦርኬስትራ ድምፅ ተጨመረበት። ይህ አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የቀድሞ ወዳጆቹ «ካደን» አሉ፤ አዲሶቹ ግን «አሁን ገና ሰማነው» አሉ። በምግብ አዳራሻችን በር ላይ የተጻፉት ሁለት መስመሮች ማለት ናቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ይባል። በ1988 የተጫወቱት አራት ሰዎች በ1991ም የተጫወቱት እነዚያው አራት ሰዎች ናቸው። ድምፁ ተለወጠ እንጂ ከመድረክ የወረደ ሰው አልነበረም። የአድማጩ ቅሬታ «የእኛ ብቻ የነበረው የሁሉ ሆነ» የሚል ነበር። ይህ ቅሬታ የሚገባን ቢሆንም፤ በእኛ አገር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

በእኛ አገር የሆነው እንዲህ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የማርሽ ባንድ ካቋቋሙ ወዲህ የትንፋሽ መሣሪያ በአዲስ አበባ ሥር ሰደደ። ኋላም የክብር ዘበኛ፤ የፖሊስ ሠራዊት፤ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፉ ብዙ ሰዎችን አሠለጠኑ። በ1969 ደግሞ ወጣቱ አምሃ እሸቴ፤ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፤ በድፍረት የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደነቀው ድምፅ፤ ማለት የኤሌክትሪክ ጊታር ከነፊዎች ጋር ተጣምሮ በአገራችን ቅኝት የሚሄድበት ድምፅ፤ በብዛት በሸክላ የተቀረጸው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

በ1974 አብዮት መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀና ለብዙ ዓመታት ሳይነሣ ቈየ። አምሃ እሸቴም በ1975 ከአገር ወጣ። የሌሊት ቤቶች እየተዳከሙ ሲሄዱ ለባንዶች ዋነኛ መጠጊያ የሆኑት ሆቴሎች ነበሩ። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፤ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። እንግዳው ሰዓት እላፊው ከገባ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ የሚጨፈርበት ሌሊት ነበር። አይቤክስ በ1975 ማሕሙድ አሕመድን ያጀበበት «እሬ መላ መላ» እና የዋልያስ የ1977 አልበም «ቸ በለው» የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ በሩ ቢጠብም ድምፁ ወዲያው አልሞተም።

ድምፁን ይበልጥ የለወጠው ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ሸክላው በካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ የሰረቀውም ያባዛዋል። ስለዚህ ለአሳታሚው የሚቀረው ትርፍ ቀጠነ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሲንተሳይዘርና የድራም መሣሪያ መጡ። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ባለበት አራት ነፊዎች ለምን ይከፈላቸዋል የሚል ሒሳብ ተነሣ። በ1991 መንግሥት ተለውጦ ሌሊቱ ነጻ ሲወጣም ኪቦርዱ በቦታው ነበር፤ ነፊዎቹ ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም። ዛሬም ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት አዳራሾች በአብዛኛው የምናየው አንድ ሰው፤ አንድ ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጕያ ነው።

በዚህ ላይ የቈየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «ኪቦርድ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ገደለው» ይላል። ሁለተኛው «ሕዝቡ የወደደው እርሱን ነው፤ ዘመኑ ነው» ይላል። እኛ እንደምናስበው ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት ዕቃውን ነው። ዕቃው ግን ወንጀለኛ አይደለም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ። ከጕዞው በኋላ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያም ከቀሩት አንዱ ነው። ባንዱ ተበትኖ ብቻውን በቀረ ጊዜ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፤ ሲንተሳይዘሩንና የድራም መሣሪያውን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ልብ ብሎ ላደመጠው ያ ካሴት ብዙ የሠርግ ኪቦርድ በተሠራበት ዓይነት ዕቃ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ሰው አለበት። አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። መሣሪያውን የወሰደው ጓደኞቹን ለማስቀረት አልነበረም፤ ጓደኞቹ ስላልነበሩ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው።

የጠንካራ ጊታር ድምፅም ለአገራችን ባዕድ ነው ለሚሉት መልስ አለን። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም፤ በአፋር ባለው እሳተ ገሞራ ስም ሰይሞ፤ ከአሜሪካዊው አዘጋጅ ከቢል ላስዌል ጋር ሲያወጣ ሮክና የእኛ ቅኝት በአንድ መድረክ ሊቆሙ እንደሚችሉ አሳይቷል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ የሮክ ጊታረኛ ጠንክሮ ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ መነሻውንና አምስተኛውን። መኻል ያለውን ሦስተኛውን ድምፅ ይተወዋል። ስለዚህ አምስት ድምፅ ብቻ ባላቸው በትዝታ፤ በባቲና በአምባሰል ዜማ ሥር ሲገባ ቦታ ይለቅላቸዋል እንጂ ብዙም አይጋፋቸውም። በአንጻሩ በኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው አጃቢ ምት ባብዛኛው በአራት የሚቈጠር ሲሆን የእኛ ችክችካ ግን በስድስት የሚቈጠር ነው። ተጫዋቹ ራሱ ካላሰናዳው በቀር ዜማችንን የሚጋፋው «ጯኺ» የተባለው ጊታር ሳይሆን «ለስላሳ» የተባለው ቍልፍ ሆኖ ይገኛል። እኛም በሳሪስ አዳራሽ የሠራነው ስሕተት ይኸው ነበር፤ ጊዜ ስላልነበረን የተዘጋጀውን ምት ተጠቀምን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ አንድ ነው። አንድ ባንድ ድምፁን ወደ ገበያ ባዞረ ጊዜ «ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ሙዚቀኛም እንደ ሌላው ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ ነውር የለውም። መጠየቅ የሚገባን «በዚህ ለውጥ ከመድረክ የወረደው ማን ነው? የሚመለስበትስ ደረጃ ቀርቶለታል ወይ?» ብለን ነው። በዚህ መመዘኛ ስንለካ የሜታሊካ ለውጥ የጣዕም ጕዳይ ነው። በእኛ አገር ነፊዎች ላይ የደረሰው ግን የእንጀራና የሙያ ጕዳይ ነው፤ አንድ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ሊቀር ደርሶ ነበር። እኛም በሁለት ቅዳሜ ብቻ ያንኑ በትንሹ ደገምነው። ጥፋታችንን በዚህ ስብሰባ ፊት እናምናለን፤ አራቱን ጓደኞቻችንንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይሁን እንጂ «ተሸጡ» ብሎ ለጻፈብን ወንድማችን ወይም እኅታችን አንድ ጥያቄ አለን። ባለፈው ኅዳር በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ስምንታችንም ተሟልተን፤ በነጻ በዚሁ አዳራሽ ተጫውተን ነበር። የመጣው ሰው 19 ነው። ቈጥረነዋል። ወንበሩን ግን 200 አድርገን ደርድረን ነበር። በሳሪሱ ሠርግ ከ400 በላይ ሰው ነበር። ድምፅ ወደሚያደምጠው ሰው ያዘነብላል። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በነፋስ መልእክት በሚያስተላልፈው ጣቢያ ምክንያት ነው ይባላል። ያም ጣቢያ ቢሆን በሌላው ጫፍ የሚቀበለው ከሌለ ወደ ባዶ ሰማይ ከመጮኽ በቀር ምንም አይፈይድም። የቀድሞውን ድምፅ የሚወድ ሰው ፍቅሩን በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ሳይሆን በወንበርም ይግለጽልን።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በመካኒሳ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪየም ጃዝ ሲያስተምር፤ ከዚያ የወጡ ወጣቶችም በከተማው መድረኮች ሲጫወቱ አይተናል። ለነፊዎቻችን በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያስተምር ሰው ከአንድ ትምህርት ቤት ለመጋበዝ የእናንተ ደብዳቤ ከእኛ ልመና ይልቅ ይሰማል።

አሁን ለድምፅ የምናቀርበውን ሐሳብ በሦስት ነጥብ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ የሠርጉን ሥራ እንቢ አንበል። ማጕያው የተጠገነው በእርሱ ነው፤ ከእኛም መካከል የቤት ኪራዩን በዚያ ገንዘብ የከፈለ አለ። ነገር ግን የምንሄደው ስምንታችንም ከሆንን ብቻ ይሁን። ባለአዳራሹ ለስምንት ሰው አልጨምርም ካሉም ያንኑ 12,000 ብር ለስምንት እንካፈለው። ለክበቡ የሚገባው ግማሽ ሳይነካ፤ ለአንድ ምሽት ይደርሰን የነበረው 1,500 ብር ወደ 750 ይወርዳል። ይህን ከመናገራችን በፊት አራታችን ተማክረን ተስማምተናል። የሚቀነሰው ከእኛ ድርሻ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊከራከርበት አይገባም።

ሁለተኛ፤ ድምፁን ለማለዘብ ዝግጁዎች ነን። የሙሽራዪቱ አያት ጆሮ መከበር ይገባዋል፤ አያቶቻችን ናቸው። ጊታሩ ዝቅ ብሎ ሊመታ፤ ትራምፔቱም በማፈኛ ሊነፋ ይችላል። ድምፅን ዝቅ ማድረግና ሰውን ማስቀረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተዘጋጀውን ምት ግን ከእንግዲህ አንጠቀምም፤ ችክችካውን ድራማችን ይመታዋል።

ሦስተኛ፤ በየወሩ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ጠንካራውን ሙዚቃችንን ሳንቀንስ እንጫወታለን። መግቢያው ነጻ ነው። የምንጠይቀው ዋጋ መምጣታችሁን ብቻ ነው።

ባለአዳራሹ ይህን አልቀበልም ቢሉስ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ትናንት ሄደን ነግረናቸዋል። ጥቂት አሰብ አደረጉና፤ «እስቲ ያቺን ጡሩምባ የምትነፋውን ልጅ ይዛችኋት ኑና ልስማት» አሉን። ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጡንም። እርሷም ገና እሺ አላለችንም። «መጀመሪያ ስብሰባው ምን እንደሚል ልስማ» ብላለች። አሁን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። መልሱ ከእናንተ ነው።